የሃኑካ ጣፋጭ በቤታችን፦ ስኳሩን እኛው እንስፈረው



የኪስሌቭ ወር 25ኛው ቀን ሲደርስ በየቤታችን የሃኑካ ሻማ ይበራል። ሻማው ለስምንት ሌሊት ይበራል፤ ከሻማው ጋር ሱፍጋኒያው፣ ኬኩና ኩኪሱም ለስምንት ሌሊት ይቀርባል። ልጆች ከጋን፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጎረቤት ይዘው ይመጣሉ። አያቶችም ልጅን ማስከፋት ስለማይወዱ አብረው ይበላሉ። በዓሉ ሲያልፍ ግን ብዙ ሰው ኩፓት ሆሊም ሄዶ ሲመረመር ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ጣፋጭ ከበዓሉ ይውጣ ለማለት አይደለም። በዓል ያለ ጣፋጭ ለልጆች በዓል አይመስላቸውም። የምንመክረው ከሱቅ በሚመጣው ፋንታ በቤታችን ጋግረን፣ ስኳሩንና ዘይቱን በራሳችን እጅ እንድንሰፍር ነው። እንዲህ ካደረግን ልጆቹም ይደሰታሉ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ዘመዳችንም አይጎዳም።

አዲስ በዓል፣ አዲስ ምግብ

እንደምታውቁት በኢትዮጵያ ሳለን ሃኑካን አናከብርም ነበር። ሲግድን፣ ፋሲካንና ሌሎቹን በዓላት፣ ሰንበትንም በጥንቃቄ እንጠብቅ ነበር። ለሰንበት የሚዘጋጀው ዳቦ ነው፤ ቄሱ ባርኮ ይቆርሰዋል። በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ስኳር በየቀኑ የሚበላ ነገር አልነበረም። ማር ቢገኝም ለክብር እንግዳ፣ ለመድኃኒትና ለብርዝ ይቆይ ነበር። ሰውም ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር፤ ወንዱ ከበሬ ኋላ ሲያርስ ይውላል፣ ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትፈጫለች።

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደዚህ ሲመጣ፣ ኑሮው በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ ኮላና ጣፋጭ በየሱቁ ሞላ፤ የእግር መንገዱ ደግሞ በአውቶቡስ ተተካ። በአገር ቤት እምብዛም የማይታወቀው የስኳር በሽታም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በማኅበረሰባችን ተስፋፋ።

በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አሳይተዋል። ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በወጣትነት ዕድሜና ሰውነት ብዙም ሳይወፍር ይታያል። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ እኔን አይነካኝም» ማለት አያዋጣም።

ስንት ስኳር እየበላን ነው?

የደረቅ ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ 4 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር፣ ማርና የጭማቂ ስኳር ጭምር፣ ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ይህም 6 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለልጅ ከዚህ ያንሳል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ስኳር ያልገባበት ምግብ መስጠት የተሻለ ነው።

አሁን የአንድ በዓል ቀንን እንቁጠር፦

– ሦስት ሲኒ ቡና፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በእያንዳንዱ 2 ማንኪያ ስኳር ቢደረግበት 6 ማንኪያ ይሆናል። የቀኑ ድርሻ በቡና ብቻ አለቀ።
– አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ቆርቆሮ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ 9 ማንኪያ ይጠጋል።
– 100 ግራም የሚመዝን ማርማላታ የገባበት ሱፍጋኒያ 400 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ቸኮላታና ክሬም ሲጨመርበት ከዚህ ይበልጣል። በየሌሊቱ አንድ አንድ ቢበላ በስምንቱ ቀን ከ3,000 ካሎሪ በላይ ተጨመረ ማለት ነው።

ከጥር 2020 ጀምሮ በእስራኤል ታሽገው በሚሸጡ ምግቦች ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ከጥር 2021 ወዲህ ደግሞ በ100 ግራም ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር ያለው ደረቅ ምግብ ቀይ ምልክት ይኖረዋል። ብዙ ጨው ወይም ብዙ ጎጂ ቅባት ያለውም እንዲሁ። ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ቀለሙን ማየት ይበቃል። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚደረገው በታሸገ ምግብ ላይ ነው። በዳቦ ቤት ትሪ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው ሱፍጋኒያ ቀይ ምልክት የለውም። ምልክት ስለሌለው ስኳር የለውም ብላችሁ አትሳሳቱ።

በቤት መጋገር የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ከሱቅ የምንገዛው ጣፋጭ ምን ያህል ስኳር እንደገባበት ሌላ ሰው ወስኖታል። በቤት ስንጋግር ግን ሰፋሪዋ ባለቤቲቱ ናት። በተለመደው የኩኪስ አሠራር አንድ ብርጭቆ ሙሉ ስኳር ይገባል፤ ይህ 200 ግራም፣ ማለትም 50 የሻይ ማንኪያ ነው። ከሩብ ብርጭቆ ሳናሳልፍ ቀረፋና ኮረሪማ ብንጨምርበት፣ ልጆቹ መዓዛው ስለሚስባቸው የስኳሩን ማነስ ብዙም አያስተውሉትም።

ሁለተኛው ጥቅም ቅባቱ ነው። በማርጋሪን ፋንታ የካኖላ ዘይት ከተጠቀምን ለልብ ይሻላል። ጣፋጩም ፓርቬ ስለሚሆን ሥጋ ከተበላ በኋላ ሊቀርብ ይችላል። ሦስተኛው ጥቅም ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ዕብራይስጥ የሚናገር የልጅ ልጅና አማርኛ የምትናገር አያት በአንድ ሊጥ ዙሪያ ሲቀመጡ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ልጅ «ጤፍ»፣ «ኮረሪማ»፣ «ዳቦ ቆሎ» የሚሉትን ቃላት የሚማረው እንዲህ ነው።

አንደኛ አሠራር፦ የምድጃ ዳቦ ቆሎ

ዳቦ ቆሎ የአገራችን ስንቅ ነው። መንገደኛ ይዞት ይሄዳል፣ አይበላሽም፣ ያለ ስኳርም ይጣፍጣል። ለሃኑካ የሚስማማ የራሳችን ኩኪስ ነው ብንል ስህተት የለውም።

የሚያስፈልገው (ብርጭቆ ስንል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው)፦
– 3 ብርጭቆ ዱቄት፣ ግማሹ ያልተነጠረ የስንዴ ዱቄት ቢሆን ይመረጣል
– ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው
– 5 የሾርባ ማንኪያ የካኖላ ዘይት
– ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ብርጭቆ ውኃ
– ለሚወድ ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ

አሠራሩ፦ ደረቁን ቀላቅሉ፤ ዘይቱን ጨምሩና በእጅ እሹት። ውኃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ እስኪሆን አቡኩት። ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ እንደ እርሳስ ቀጭን አድርጋችሁ አድቦልቡሉት፤ በመቀስ ወይም በቢላዋ የሽምብራ ያህል እየቆረጣችሁ ትሪ ላይ አሳሱት። በ180 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ጋግሩት፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ አማሱት። ወርቅማ ሲሆን አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እንደ አገር ቤት በምጣድ ማመስም ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዳቦ ቆሎ ጠንካራና ትንሽ ስለሆነ ሕፃናትን ሊያንቅ ይችላል። እንደ ኦቾሎኒና እንደ ፈንዲሻ ሁሉ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አትስጡ። ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎችም አይመችም።

ሁለተኛ አሠራር፦ የጤፍና የጥሂና ኩኪስ

የሚያስፈልገው (ለ30 ፍሬ)፦
– 1 ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት
– 1 ብርጭቆ ያልተነጠረ የስንዴ ዱቄት
– 1 የሻይ ማንኪያ የኬክ ማፊያ ዱቄት
– ሩብ ብርጭቆ ስኳር
– ግማሽ ብርጭቆ ያልተበጠበጠ ጥሂና
– አንድ ሦስተኛ ብርጭቆ የካኖላ ዘይት
– 1 እንቁላል
– 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ
– 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ

አሠራሩ፦ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ጥሂናውንና እንቁላሉን አንድ ላይ ምቱ። ዱቄቱንና ቅመሙን ጨምሩ፤ ሊጡ እንዲያያዝ ውኃውን በማንኪያ በማንኪያ አድርጉ። 30 ትንንሽ ድቡልቡል አድርጋችሁ በሹካ ጠፍጠፍ አድርጉት። በ175 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ትኩስ ሳለ ይፈረካከሳልና እስኪቀዘቅዝ አትንኩት።

አሁን ሂሳቡን እንመልከት። ሩብ ብርጭቆ ስኳር 50 ግራም ነው። ለ30 ሲካፈል ለአንዱ ኩኪስ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ስኳር ይደርሰዋል። በአንድ ብርጭቆ ስኳር ቢሠራ ግን ከአንድ ማንኪያ ተኩል ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ዱቄቱም በሰውነታችን ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ኩኪስ ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር እኩል ነው ብላችሁ ቁጠሩ።

የተጋገረውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጠረጴዛ ላይ አታቅርቡ። ለሁለት ቀን የሚበቃውን አስቀርታችሁ የቀረውን በከረጢት አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ዓይን የማያየውን እጅ አያነሳም።

ከልጆች ጋር ስንጋግር

1. ጊዜውን አስቡ። ሻማው በሚበራበት የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ሴቶች ከሥራ የማረፍ ልማድ አለ። ስለዚህ ቀን፣ ልጆች ከጋን ሲመለሱ፣ ጋግሩ። ለሰንበት የሚሆነውን ዓርብ በጊዜ ጨርሱ።
2. ልጆች ጥሬ ሊጥ እንዳይቀምሱ ተቆጣጠሩ። ጥሬ እንቁላልና ጥሬ ዱቄት የሆድ በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ። እጅ በሳሙና ይታጠብ።
3. ሱፍጋኒያ ወይም ሌቪቮት የምትጠብሱ ከሆነ ልጅን ከጋለ ዘይት አርቁ። የመጥበሻውን እጀታ ወደ ግድግዳ አዙሩት። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ውኃ አታፍስሱበት፤ ክዳን ክደኑበትና እሳቱን አጥፉ።
4. ሰው ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር አድርጉ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና ወይም ሊጥ አትቀቡበት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ወደ 101 ደውሉ።
5. ጥሂና የሚሠራው ከሰሊጥ ነው፤ አንዳንድ ልጆች ሰሊጥ፣ ለውዝ ወይም እንቁላል ሲበሉ ከባድ አለርጂ ይነሳባቸዋል። ወደ ጋን ከመላካችሁ በፊት የጋን አስተማሪዋን ጠይቁ።
6. ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በምንም መንገድ አይሰጥም። በጣት እንኳን አታስልሱት፤ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል።

የስኳር በሽታ ላለበት ሰው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ከማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች መካከል ስኳር እንዳለባቸው ለልጆቻቸው እንኳን የማይነግሩ አሉ። በበዓል ቤት ተጋብዘው የቀረበላቸውን ሁሉ ይበላሉ፤ ምክንያታቸውን መናገር ያፍራሉ። ቤተሰብ ካላወቀ ሊረዳ አይችልምና ንገሩ።

– ጣፋጩን በምግቡ ላይ አትጨምሩ፤ በምግቡ ፋንታ ቁጠሩት። ሁለት ኩኪስ ለመብላት ካሰባችሁ ከእራት እንጀራው ወይም ዳቦው ቀንሱ።
– «ማታ ጣፋጭ አለ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ጾሞ መዋል፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን ለሚወስድ ሰው፣ አደገኛ ነው።
– «ዛሬ ብዙ በላሁ» ብሎ ክኒን ወይም ኢንሱሊን በራስ ፈቃድ መጨመር አይገባም። ለበዓሉ ምን ማድረግ እንደሚሻል ሐኪሙን ወይም ነርሷን አስቀድማችሁ ጠይቁ።
– መለኪያ ያላችሁ በባዶ ሆድና ከበላችሁ ሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ፤ ቁጥሩንም ጻፉ። በቀጠሮ ቀን ለነርሷ አሳዩ።
– ስኳር ቢወርድ፣ ማለትም መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ረሃብና ግራ መጋባት ቢመጣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ቢያሳይ፣ ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ለዚህ ጊዜ ኩኪስና ቸኮላታ አይሆኑም፤ ቅባት ስላላቸው ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። ሰውዬው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ 101 ደውሉ።

በሐኪም ፊት ዕብራይስጡ አልገባችሁ ካለ በአማርኛ እንዲተረጎምላችሁ ጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ኩፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች በሽተኛው በሚረዳው ቋንቋ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ታዟል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ ስለ ኢንሱሊን እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም።

እንግዳን ማክበር እንዴት ነው?

እኛ እንግዳ ሲመጣ «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ብቻ!» እያልን እናጎርሳለን። ይህ የፍቅር ባህላችን ነው፤ መተው የለበትም። ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛ ለሆነ አባት ወይም እናት ሱፍጋኒያ ይዞ «በሞቴ» ማለት ምርጫ ማሳጣት ነው። «በሞቴ» የሚለው ቃል ለጎመኑ፣ ለምስሩና ለሰላጣው ይሁን። የቡናውን ስኳር ለብቻው አቅርቡና እያንዳንዱ ለራሱ ይጨምር። በሳህን ላይ ብርቱካን ተልጦ ይቀመጥ፤ በእስራኤል የሃኑካ ጊዜ የብርቱካን ወቅት ነው።

ለተጋባዡም እንዲህ እንመክራለን። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ ሐኪሜ ከልክሎኛል፤ ቡናውን ያለ ስኳር እጠጣለሁ» ማለት ነውር የለውም። ባለቤቲቱም «እሺ እማማ፣ ጤናዎ ይበልጣል» ካለች ሁሉም ተከበረ።

ጥያቄና መልስ

*ማር ከስኳር ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው?*
ማር በደም ውስጥ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለስኳር ሕመምተኛ እንደ ስኳር ይቆጠራል። ተምርም እንዲሁ።

*ጤፍ ስኳር የለውም አይደል?*
ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ብረትና ገለባ አለው። ነገር ግን እንደ ስንዴ ሁሉ ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች ይበዛበታል። ጥቅሙን ለማግኘት መጠኑን ጠብቆ መብላት ነው።

*«ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል ኩኪስ ብገዛስ?*
ዱቄቱና ቅባቱ እንዳለ ነው። በጀርባው የተጻፈውን ልጆቻችሁ እንዲያነቡላችሁ አድርጉ፤ እንደ ሌላው ኩኪስ ሁለት ብቻ ብሉ።

*ምንም አይሰማኝም፤ መመርመር አለብኝ?*
አዎ። የስኳር በሽታ ለብዙ ዓመት ሳይሰማ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ሊጎዳ ይችላል። በባዶ ሆድ ሲመረመር ከ100 በታች ደኅና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው። በማስጠንቀቂያው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ምግቡን ካስተካከለና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከተራመደ በሽታውን ሊከላከል ወይም ሊያዘገይ ይችላል።

በቤተሰብ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. በቤታችን በአንድ ቀን ስንት ማንኪያ ስኳር በቡናና በሻይ ይገባል?
2. ከቤተሰባችን ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ማን ነው? ሁላችን እናውቃለን?
3. ዘንድሮ ሱፍጋኒያ በስንተኛው ሌሊት ይቀርባል? በስምንቱም ነው ወይስ በአንዱ ወይም በሁለቱ?
4. ከልጅ ልጆች ጋር በየትኛው ቀን እንጋግራለን?
5. ሻማው አልቆ ከጠፋ በኋላ አብረን ለመራመድ የሚመች መንገድ በሰፈራችን የትኛው ነው?

የሃኑካን ተአምር ስናስታውስ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የምትበቃ ጥቂት ዘይት ለስምንት ቀን እንደቆየች እንናገራለን። በዓሉ የሚዘከረው ጥቂቱ በመብቃቱ ነው። በጠረጴዛችንም ላይ ጥቂቱ ይብቃን፤ ደስታው ግን አይጉደል።

መልካም የሃኑካ በዓል! የልጅ ልጆቻችሁን ጋብቻ ለማየት ያብቃችሁ። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።